እትዬ ቁረጡ እና አረንጓዴው ገመድ

ጎሚስታው አሁን ነው የወጣው። በሩን ከኋላው ስዘጋ መቀርቀሪያው አልገባ አለኝ። የመጣው የልጁን የፌንጣን ጫማ ሊወስድ ነው። ሮዝ ሸራ ጫማ፣ የግራው ማሰሪያ የሌለው። ጠዋት የፊልሙን ልብስ ሳለብሳት እኔ ራሴ አውልቄ ከስፌት መኪናዬ ሥር ያስቀመጥኩት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ከኋላው ያለውን ነገር እጄ ነካው፣ በጨርቅ የጠቀለልኩትን። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። እንዳላየ አውቃለሁ፣ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በቀሚሴ ጋርጄው ነው ጫማውን የሰጠሁት።

«ተናገረች እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«ተናገረች። ጫማዬን አምጣልኝ አለች።» ጫማውን ገልብጦ ሶሉን አየው። «ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፣ እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ይሰማሻል ወይ ሲላት፣ የቱ? ትለዋለች።»

እጁ ሁሌ እንደ ጎማ ጥቁር ነው፣ ዛሬ ግን ታጥቦ ነጥቷል፣ ሆስፒታል ነው መሰለኝ ታጠብ ያሉት። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

«ከፍራሹ ሥር ሁለት ላስቲክ ብጨምር ኖሮ» አለ። «ሁለት የጭነት መኪና የውስጥ ላስቲክ። ሱቄ ውስጥ ተነፍቶ ተቀምጦ ነበር እኮ። ይበቃል ብዬ ነው። ሁለት ብጨምር እዚያ ላይ ነበር የምታርፈው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ!»

«አንቺ እዚያው ነበርሽ» አለኝ። «ገመዱን ማን ነው ያየው?»

«እትዬ ናት። በእጇ አሳልፋዋለች።»

ያ እውነት ነው፣ አክስቴ አሳልፋዋለች። ግን የነገርኩት ያንን ብቻ ነው፣ ሌላውን አልነገርኩትም። ራሱን ነቀነቀና ጫማውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «መብራቱን አጥፊው። መታጠፊያው ላይ ሰዎች ቆመዋል፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩብሽ» አለኝ። ለእኔ ነው የተጨነቀው። ለእኔ!

መብራቱን አጥፍቼ በስልኬ መብራት ነው የምጽፈው። ውጭ የሚሉት ይሰማኛል። «ልጅ እያንጠለጠለች የምትነግድ» ይላሉ። አንዷማ «ድሮም ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው የኖረችው፣ ምን እንደምትሠራ ማን ያውቃል» አለች። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። የሠርጓን ፎቶ ያነሳቻት አክስቴ ናት፣ ያውም ጥርሷን ደብቃላት። ስለዚህ አክስቴ ማን እንደሆነች ልጻፍ። ከዚያ ደግሞ ሌላውን እጽፋለሁ፣ ከቻልኩ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ሰፈሩ «እትዬ ቁረጡ» ነው የሚላት። ራሷ ይህን ስም የሰማችው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባል የለ። እናቴ ለሥራ ብላ ሄዳ ድምፅዋ ሲጠፋ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አክስቴ መጥታ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ፍራሼን ይዛ ወደዚህ ቤት አመጣችኝ።

ቤቱ ፎቶ ቤት ነበር። የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ሐይቅ ተስሏል፣ ሁለት ነጭ ወፎችና ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለበት። ባሏ ነው የሳለው። የኋለኛው ደግሞ ጨለማ ክፍሉ ነው። ባሏ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ደረቱን ታሞ ሲሞት እሷ ሥራውን ይዛ ቀጠለች። ፊልሙ ከካሜራ ወጥቶ የሚጠቀለለው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ብርሃን ከገባ የሰው ሠርግ ጠፋ ማለት ነው። እኔን አጠገቧ አቁማ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ትለኝ ነበር።

«ጨለማ አይደል እንዴ እትዬ? ብገልጠውስ ምን አያለሁ?»

«እኮ! ዓይን ጨለማ ውስጥ ሥራ ሲፈታ ይቀባጥራል። ጨፍኚውና እጅሽ ይሥራ።»

እጇ ያያል። ፊልም ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ብትኖር በጣቷ ጫፍ ታገኛታለች። ገበያ ስትሄድ ጨርቅ ስትገዛ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትዳስሰው። ሻጮቹ «ተኛች እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል፣ እሷ ግን አንድም ቀን የተበላሸ ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። የስፌት መኪናውን የገዛችልኝ ጊዜም መዘውሩን በመዳፏ አዙራ አዙራ፣ «ይቺ ጤነኛ ናት» ብላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ አልሆንልኝ ብሎ ሳቋርጥ ነው የገዛችልኝ። አልተቆጣችኝም። «እሺ፣ አእምሮሽ እንቢ ካለ እጅሽን እንጠይቀዋለን» ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ በፊት ግን ስልክ መጣ። ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ፎቶ ቤት ያዘ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችን የገባው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሽንት ቤት ጠይቆ ሄደ። አክስቴ ሐይቁ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች፣ ራሷን ፎቶ ልታነሳ የመጣች ትመስል ነበር።

የዚያን ጊዜ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በራችን ደረጃ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ተረት አወራላቸዋለሁ። ተረትም አይደለም፣ ራሴ የፈጠርኩት ነው። መብራት ስለምትበላ ልጅ። ከተማው ውስጥ ያለውን መብራት በሽቦው በኩል ስትመጥ ፀጉሯ ያበራል፣ ከዚያ የምትነካው ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እየሰሙ ሳለ ከላይ ከመስኮቱ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

«ከዚያስ?»

ቀና ስል ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትሰማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ አላውቅም። በሳምንቱ የሠርግ ቪዲዮ ካሜራውን አቧራ አራገፈችና «መብራት የበላችው ልጅ» የሚል ፊልም ተሠራ። የልጅቷ ፀጉር የሚያበራው በአሻንጉሊት አምፖል ነው፣ ባትሪው ጀርባዋ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ። በመሀል እውነተኛው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፣ የሰፈሩ ሁሉ። ተዋናይዋ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የበላሁት!» ብላ እያለቀሰች እናቷ ጋ ሮጠች። እናትየዋ ደግሞ «እስቲ መልሺው» ብላ ተቆጣቻት።

እንደዚህ ነው የጀመርነው። ሰባት ፊልም ሠርተናል፣ ስምንተኛው ይሄኛው ነው። ሁሉም ኃይል ስላላቸው ልጆች ነው። ለምን ስለ ልጆች ብቻ ሲሏት አክስቴ፣ «አዋቂ ኃይል ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አይተነዋል። እስቲ ለልጅ እንስጠውና እንየው» ትላለች። ሳይንቲስቱ ሁሌ ጎረቤታችን አናጢው ነው፣ መነጽር ስላለው። ነጭ ካፖርቱን ከአልጋ አንሶላ ሰፋሁለት። ላቦራቶሪው ባዶ ጠርሙስና ቀለም የገባበት ውኃ ነው። አንድ ቀን ጠምቶት ሰው እንዳይታይ የሚያደርገውን መድኃኒት ጠጣው። ልጆቹ ሥራቸውን ትተው መቼ ነው የሚጠፋው እያሉ ሲከታተሉት ዋሉ። ሚስቱ ስትሰማ፣ «ምን አለፋችሁ፣ ድሮም ቤት ውስጥ አይታይም» አለች።

በፊልም ልጅ መሰወር ቀላል ነው። ካሜራውን ሳናነቃንቅ ልጁ ይወጣል፣ የቀሩት ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ፣ ቀረጻው ሲቀጠል ልጁ ጠፋ። ችግሩ ልጆች ደርቀው አይቆሙም። ይስቃሉ፣ ካሜራውን ያያሉ፣ አፍንጫቸውን ያካሉ። ስለዚህ አክስቴ ሕግ አወጣች። እሷ «ቁረጡ» እስክትል ድረስ ማንም ከያዘው ነገር አይወጣም። ዝንብ ዓይኑ ላይ ቢያርፍበትም። ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ አገጩን ይዛ ነው የምትነግረው፦ «ሰማይ ቢወድቅ፣ እኔ ቁረጡ ካላልኩ ተሸክመህ ቁም።» ልጆቹ ደግሞ ለሕጉ ይኮራሉ። እርስ በርሳቸው ሲጣሉ እንኳን አንዱ «ቁረጡ አልተባለም!» ይላል፣ ሌላው ቡጢውን አየር ላይ ያቆማል። ስሟ ከዚያ ነው የመጣው።

ይህን ሕግ በደንብ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ፌንጣ የጎሚስታው ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከጎማ ክምር ወደ ጎማ ክምር ስትዘል ነው ስሙ የወጣላት። አባቷ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፣ «ልጄ የማንም መሳቂያ አትሆንም» ብሎ። ለምና ለምና አንዴ ብቻ ፈቀደላት። ከዚያ ፊልማችንን በምናሳይበት የሰፈሩ አዳራሽ፣ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ኋላ ቆሞ ስድስተኛውን ፊልም አየ። በዚያ ፊልም ፌንጣ አውቶቡስ በሐሳቧ ታቆማለች። አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። በነጋታው ግን አራት የጭነት መኪና ላስቲክ ነፍቶ፣ ባንድ ገመድ አስሮ፣ የምንቀርጽበት የአናጢው መጋዘን በር ላይ ጣለልን። «ፍራሻችሁ ሥር አድርጉት፣ መሬቱ ሲሚንቶ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ላስቲክ ውጪ በርረን አናውቅም።

የምንበረው እንዲህ ነው። አናጢው ጣውላ የሚያወጣበት ካሩኮላ፣ ማለትም የገመድ መዘውር አለ፣ ጣሪያው ብረት ላይ የታሰረ። ገመዱ በእሱ ላይ ያልፋል፣ አንዱን ጫፍ አናጢው ይስባል፣ ሌላው ጫፍ ልጅቷ ጀርባ ላይ ካለው መታጠቂያ ጋ ይታሰራል። መታጠቂያውን እኔ ነኝ ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ የሰፋሁት፣ በድርብ ክር። ከኋላ አረንጓዴ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ፊልሙን የሚያቀናብርልን የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ አረንጓዴውን አጥፍቶ ሰማይ ያደርገዋል። ሁልጊዜ ጠዋት አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት መዳፏ ታሳልፈዋለች። እሷ «አልፏል» ሳትል ማንም አይሰቀልም። ከዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚወጣው መጋዝ ብናኝ የሞላ ጆንያ ነው። እሷ ግድ የለሽ አይደለችም። ውጭ የቆሙት ሰዎች ይህን አያውቁም።

ባለፈው ፊልም ግን ገመዱ ታየ። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ አረንጓዴ ያልሆነ ነገር አንድ በአንድ መጥረግ አለብኝ ብሎ ደክሞት የተወሰነውን ተወው። ፌንጣ ደመናው ላይ ስትደርስ ጥቁር መስመር ከጀርባዋ እስከ ሰማይ። አዳራሹ በሙሉ «ገመዱ! ገመዱ!» እያለ ጮኸ። አንዱ «ልብስ አስጡበት!» አለ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው። አክስቴ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች። መብራት ሳይበራ ተነስታ ወጣች። ቤት ስደርስ ሐይቁ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። «የነሱ ሳቅ አይደለም» አለችኝ፣ «ፌንጣ ፊቷን ስትሸፍን አየኋት።»

ስለዚህ ገመዱን አረንጓዴ ላድርገው ብዬ አሰብኩ። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ ማንም አልነገረኝም። ላስደስታት ነበር።

ከሦስት ቀን በፊት ገመዱን ከመጋዘኑ ይዤ መጣሁ። ከናይለን የተሠራ ነው፣ ግን የአናጢው ማሽን ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። ቀለም ብቀባው አልይዝ አለ፣ ይንሸራተታል። በሳሙና አጠብኩት፣ አልለቀቀም። ሽንት ቤቱ ውስጥ ያ ማጽጃ አለ፣ ሲፈስ የሚያጨሰው፣ ዓይን የሚያቃጥለው። የማያስለቅቀው ቆሻሻ የለም። አክስቴ አንዴ እጄን አቃጥሎኝ፣ «ሁለተኛ ይህን ነገር ስትነኪ እንዳላገኝሽ!» ብላኛለች። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩትና ገመዱን ነከርኩት። አንድ ሌሊት አደረ። ጠዋት ውኃው ቡናማ ሆኗል፣ ገመዱ ነጭ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! በውኃ አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ ከአረንጓዴው ጨርቅ የተረፈውን ቀለም ሁለት ዙር ቀባሁት።

ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ አክስቴ ገመዱን ስታነሳ ሳቀች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሁን አይታይም እትዬ። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ባንድ ቀን ይጨርሰዋል።»

«አንቺ ተንኮለኛ! ደራሲ ብቻ መስለሽኝ።»

ዓይኗን ጨፍና ማሳለፍ ጀመረች። መሀሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። መለሰችው፣ እንደገና አሳለፈችው። ዓይኗን አልገለጠችም።

«እዚህ ጋ ደረቅ አለብኝ። ከቀለም ሌላ ምን ነካሽው?»

«ምንም። ቀለም ብቻ ነው። ቀለም ሲደርቅ እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

ለምን እንደዋሸሁ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው የሚጻፍ ነገር የለውም። ቁጣዋን ፈርቼ ነው። ማጽጃውን ነካሽ እንዳትለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጅ ፈራሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ወጣ፣ ተመልሶ አልገባም።

«አንቺ ካልሽ» አለች። ገመዱን እስከ ጫፉ አሳለፈችው። «አልፏል።»

ጆንያው ሦስት ጊዜ ወጣ ወረደ። ያዘ። ፌንጣ ታጠቀች። የዛሬው ታሪክ አባቷ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ተይዞ እሷ በሰማይ ልታወጣው ስትሄድ ነው፣ «አባዬ መጣሁልህ!» ትላለች። እኔ ነኝ የጻፍኩላት።

«እትዬ፣ ደመና ውስጥ ስገባ ፊቴን ምን ላድርገው?» አለች ተንጠልጥላ።

«እንደበረዳት ሰው አድርጊው።»

«ደመና ይበርዳል እንዴ?»

«እኔ የት ሄጄ አውቃለሁ! በይ ተነሺ።»

ሦስት ጊዜ በረረች። ጥሩ ነበር። አክስቴ «አንዴ ልድገመው፣ ወደ ጎን ትንሽ ሰፋ ይበል» አለች። አናጢው ገመዱን ስቦ ልጅቷን ወደ ጎን ገፋ አደረጋት። ዥው ብላ ሄደች፣ ከፍራሹ አልፋ፣ እንደምትመለስ ሆና። ያኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። ብዙም አይጮህም ነበር።

ሲሚንቶው ላይ ነው የወደቀችው። በጀርባዋ።

አላለቀሰችም። እጆቿ እንደሚበር ሰው ተዘርግተዋል፣ ዓይኗ ተገልጧል፣ ፊቷ እንደበረዳት ሰው ነው። ዳር የቆሙት ልጆች አጨበጨቡ። አናጢውም የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ «ይቺ ልጅ ጉድ ናት!» አለ። የምትተውን ነው የመሰላቸው። ካሜራው ይቀርጻል። አክስቴን አየኋት። አፏ ተከፍቷል፣ ቃል ግን አይወጣም። መሬቱ ላይ አረንጓዴ ቅርፍቶች ተበትነዋል።

የፌንጣ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብላ፣ ካሜራው እንዳያይባት ይመስል፣

«እትዬ... ቁረጡ በይ» አለች።

አክስቴ «ቁረጡ» አለች። ያኔ ነው ልጅቷ የጮኸችው። ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም።

አናጢው ብብቷን ይዞ ሊያነሳት ሲል አክስቴ «አትንካት! ጣውላ አምጣ!» ብላ በደረቷ ገፋችው። በጣውላ ላይ አስተኝታ፣ በእኔ መቀነት አንገቷን ከግራ ከቀኝ ደግፋ፣ በአናጢው መኪና ሆስፒታል አደረስናት። መንገዱን በሙሉ ጆሮዋ ላይ «ቁረጡ ብያለሁ፣ አልቅሺ፣ አሁን አልቅሺ» ትላት ነበር። ሐኪሙ በጣውላ ማምጣታችሁ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ትራመዳለች አትራመድም ለማለት ገና ነው፣ ሳምንታት ነው፣ እያለ ወረቀቱን ያያል እንጂ እኛን አያይም።

ፖሊሶቹ እዚያው ኮሪደሩ ላይ መጡ። አንደኛው ገመዱን ማን እንደሚፈትሽ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «ቀለሙንም ያስቀባሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አፌን ብከፍት ይወጣል። አልከፈትኩም። ሊወስዷት ሲሉ ወደ እኔ መጣች። መዳፏን ገልብጣ እያየችው ነበር፣ የሰው ዕቃ ተሳስታ እንዳነሳች ሰው።

«እጄ አረጀ» አለችኝ። «መሀሉ ላይ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ወይም ልክ አልነገረኝም። እንጃ። አረጀ።»

«እትዬ...»

«ቤት ሂጂና በሩን ዝጊ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። ስለ ገመድ ምንም አታውቂም። ሰማሽኝ?»

ይህን ያለችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ ደጋግሜ ባስበውም አልደረስኩበትም። ማጽጃውን ታውቃለች? ሽታው እጇ ላይ ቀርቶ ይሆን? ካላወቀች አሁን የጣቢያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጇን ነው የምትከሰው። ካወቀች ደግሞ... ካወቀች የባሰ ነው።

ወደ ቤት አልሄድኩም መጀመሪያ። መጋዘን ሄድኩ። አናጢው ሲሚንቶውን በውኃ እየጠረገ ነበር፣ ቀና ብሎም አላየኝም፣ «በዚህ እጄ ነው የገፋኋት» ይላል ብቻውን። ከካሩኮላው ላይ የቀረውን ገመድ ፈታሁት፣ መታጠቂያው ላይ የቀረችውንም ቁራጭ። እኔ የሰፋሁት መታጠቂያ ምንም አልሆነም፣ አንድ ክር አልተነቀለም። ገመዱን ግን በሁለት ጣቴ ጎበጥ ሳደርገው ቀለሙ ተቀረፈ፣ ውስጡ እንደ ደረቀ ፓስታ ቀሽ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ሞከርኩት። ለእጅ ከላይ ለስላሳ ነው። ቀለሙ ነው የሸፈነው። የማንም እጅ አያገኘውም ነበር። የእትዬ እጅ ግን አግኝቶት ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተባበልኩት።

አሁን ይኸው ሦስት ሰው ራሱን ይወቅሳል። አንዷ እጇን፣ አንዱ ላስቲኩን፣ አንዱ የገፋበትን ክንዱን። ማንም እኔን አልጠረጠረም። ጎሚስታው መብራት አጥፊ አለኝ እንጂ።

ፖሊሶቹ ጠዋት ገመዱን ሊወስዱ መጋዘን ይመጣሉ። አናጢው አጣሁት ይላቸዋል። ክብሪት ጠረጴዛው ላይ አለ። ቅድም አንዴ ለኩሼ የገመዱን ጫፍ አስነካሁት፣ ሸተተኝ፣ አጠፋሁት። አሁን ገመዱን ከስፌት መኪናው ሥር አውጥቼ ከባዶው የማጽጃ ጠርሙስ ጋ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ በሩ ሥር ነው። ይህንም ደብተር እጨምርበታለሁ። ውጭ የነበሩት ሰዎች ሄደዋል መሰለኝ፣ ድምፅ የለም።

ከቤት ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ስደርስ ወደ ቀኝ ጣቢያው ነው፣ ወደ ግራ ሆስፒታሉ። ለጎሚስታው ነው መጀመሪያ መንገር ያለብኝ ወይስ ለፖሊሶቹ? ለእሱ ስነግረው ያ የታጠበ እጁ ምን እንደሚያደርግ አስባለሁ። እትዬን ይለቋታል ወይስ ሁለታችንንም ይይዙናል? ፌንጣ ጫማዋን ስታደርግ ይሰማታል? ስምንት ፊልም ጽፌያለሁ፣ የሁሉንም መጨረሻ ሳልጀምር ነው የማውቀው። እትዬ «ከዚያስ?» ስትለኝ አንድም ቀን አፌ ተይዞ አያውቅም። አሁን እዚህ ሆና ብትጠይቀኝ የምላት የለኝም። አላውቅም።